ራሳቸውን የቻሉ የድር ኮሚኮች ለደሴና ለኮምቦልቻ አንባቢ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ራሱን የቻለ ሠዓሊ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

የድር ኮሚክ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚነበብ፣ በሥዕል ሣጥኖች የሚነገር ታሪክ የሚሠራ፤ ሥራውንም በአሳታሚ ወይም በጋዜጣ በኩል ሳይሆን በገዛ ድረ ገጹ የሚያወጣ፣ ታሪኩንም ገጸ ባሕርያቱንም ራሱ የሚያዝባቸው ሠዓሊ ማለታችን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ንባቡ በነፃ ነው፤ እንጀራው የሚወጣው ከመጽሐፍ ሽያጭና ከአንባቢዎች የወር መዋጮ ነው። ዌብቱን በሚባለው የኮሚክ ማንበቢያ መድረክ ላይ የሚታዩት ሥራዎች ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ኩባንያው ከፍሎ የሚያሠራው ሲሆን፣ ሁለተኛው ማንም ሰው ካንቫስ በሚባለው ክፍል በራሱ የሚጭነው ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው።

ታሪክን በሥዕል ተከታታይ ማንበብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም?

አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በሸራ ላይ በ44 ሣጥን ከፋፍለው፣ ከየሣጥኑ ጋር አጭር ጽሑፍ አስገብተው የሚሥሉት የአገራችን ሠዓሊዎች ከኮሚክ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል። ያንን ሥዕል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እየተከተለ ያነበበ ሰው የድር ኮሚክ ለማንበብ የሚጎድለው ነገር የለም።

ብዙ ከመሆናቸው የተነሣ ግራ ገባኝ። ከየትኛው ልጀምር?

ከፔፐር ኤንድ ካሮት። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሬቮይ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው ነው፤ ፔፐር የምትባል ትንሽ ጠንቋይና ካሮት የሚባል ድመቷ የሚገቡበትን ጣጣ ይተርካል። የምናስቀድመው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሥዕሉ ብቻውን ታሪኩን ይነግራል፤ ጽሑፉን ሳታነቡ እንኳ ማን ምን እንደሠራ ታውቃላችሁ። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ ከሁሉም የላላ ነው፦ የሠዓሊውን ስም እስከጠቀሳችሁ ድረስ ማተም፣ መተርጎም፣ መሸጥም ይቻላል። ሠዓሊው የሥዕሉን ምንጭ ፋይሎች ጭምር ለሁሉም ክፍት አድርጓል፤ ሥዕል የሚማር ሰው እያንዳንዱን ንብርብር እየከፈተ አሠራሩን ማየት ይችላል። በወር ብዙ ብር የሚያስከፍል ኮርስ እንኳ ይህን አይሰጥም።

ሳይንስና ሒሳብ የሚወድ፣ በተለይ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ፣ በኤክስኬሲዲ ይጀምር። ደራሲው ራንዳል መንሮ ቀድሞ ናሳ ውስጥ የሮቦት ሥራ ይሠራ ነበር። ሰዎቹ ክብ ጭንቅላትና ቀጭን መስመር ብቻ ናቸው፣ ቀልዱ ግን ፊዚክስ፣ ፕሮግራሚንግና ፍቅር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይወጣል። የአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰዓት ከእኛ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ የሰኞውን ሰኞ ጠዋት በማለዳ ባታገኙት ጠፋ አትበሉ። አንድ ነገር ግን እንዳታልፉ፦ እያንዳንዱ ሥዕል የተደበቀ ሁለተኛ ቀልድ አለው። ኮምፒውተር ላይ አይጡን (ማውሱን) ሥዕሉ ላይ ስታሳርፉ ይወጣል። በስልክ አይጥ ስለሌለ፣ ከአድራሻው ፊት ኤም ፊደልና ነጥብ ጨምራችሁ (m.xkcd.com) የስልኩን ገጽ ክፈቱ፤ እዚያ ከሥዕሉ ጋር ያለውን ማያያዣ ስትነኩት ጽሑፉ ይታያል። ቁጥር 1190 የሆነው ሥዕል ደግሞ የተለየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ለወራት ቀስ በቀስ እየተቀየረ በ3,099 ምስሎች አንድ ሙሉ ታሪክ ሆኖ አለቀ፣ በ2014ም ለሳይንስ ልብ ወለድና ለምናባዊ ሥራዎች የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አገኘ።

ረጅም ልብ ወለድ ለሚፈልግ የእንግሊዛዊው ቶም ሲድል ጋነርክሪግ ኮርት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የቀጠለ፣ በአንድ እንግዳ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለምትኖር አንቲመኒ ስለተባለች ልጅ የሚተርክ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ሥዕል ሻካራ ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይተወዋል፣ ይህም ስህተት ነው። ሠዓሊው በአንባቢ ፊት እየሠለጠነ ሲሄድ ማየት በራሱ አንድ ደስታ ነው።

ያለቀ ታሪክ ብቻ ነው የምፈልገው። ማን ይጠብቃል?

ስታንድ ስቲል ስቴይ ሳይለንትን ያንብቡ። የሚና ሱንድበርግ ሥራ ነው፤ ዓለምን በሽታ ካጠፋት በኋላ በሰሜን አውሮፓ የቀሩ ጥቂት ሰዎች ወደ ተከለከለው ምድር ሲጓዙ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2022 ወጥቶ ቆሟል። ቀለሙ ድንቅ ነው፤ በትንሽ ስልክ ሲነበብ ግን ብዙ ይጠፋል። ኮምፒውተር ማግኘት የሚችል በኮምፒውተር ያንብበው።

መሣል አልችልም። ሆኖም የራሴን መጻፍ ያምረኛል። የሚያበረታታኝ አለ?

ዳይኖሰር ኮሚክስ። ካናዳዊው ራያን ኖርዝ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ እነዚያኑ ስድስት ሣጥኖች፣ እነዚያኑ ዳይኖሰሮች ይጠቀማል፤ የሚለወጠው ንግግሩ ብቻ ነው። አሥር ያህል አንብቡና አንድ ሥዕል በስንት መንገድ እንደሚናገር እዩ። ከዚያ ራሳችሁ አንድ ባለ አራት ሣጥን ሥዕል አዘጋጁና በአሥር የተለያየ ንግግር ሙሉት። አሥረኛው ላይ ስትደርሱ ድምፃችሁን ማግኘት ትጀምራላችሁ።

በአማርኛ የተሠራ አለ?

አለ። የኤታን ኮሚክስ መሥራች በሥራት ደበበ የጻፈው ጀምበር በአማርኛም በእንግሊዝኛም የወጣ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚውል የልዕለ ጀግና ታሪክ ነው። ቀጥሎ የመጣው ሃዊ ደግሞ ሴት ጀግና አላት። ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ለእንግሊዝኛ ትምህርትም ይጠቅማል። ይህ ዝርዝር ከዚህ ረዝሞ ብናየው ደስታችን ነበር፤ ስለዚህ ነው ከታች ስለ ትርጉምና ስለ አሠራር በሰፊው የጻፍነው።

ለልጆች የትኛው ይሆናል?

ፔፐር ኤንድ ካሮት ለልጅ ይስማማል። ጥንቆላ የሚለው ቃል ቅር የሚያሰኘው ወላጅ ቀድሞ አንድ ክፍል ይይና ይወስን፤ ነገሩ የተረት ዓይነት አስማት ነው። ኤክስኬሲዲ ውስጥ የአዋቂ ቃላት አልፎ አልፎ ይገባሉ። በዌብቱን በጣም የታወቀው የራቸል ስማይዝ ሎር ኦሊምፐስ በቀለሙ አምሮ ልጅን ይስባል፣ ግን ስለ ጾታዊ ጥቃት የሚያነሣ የአዋቂ ታሪክ ነው። የቀለም ድምቀት የዕድሜ ምልክት አይደለም።

ዳታዬን ሳልጨርስ እንዴት ላንብብ?

በኮሚኩ ዓይነት ይወሰናል። የኤክስኬሲዲ አንድ ሥዕል በአብዛኛው ከ200 ኪሎባይት በታች ነው፤ ስለዚህ መቶ ሥዕል ብታነቡ 20 ሜጋባይት አይሞላም። ወደ ታች እየተሳበ የሚነበበው ባለ ቀለም ኮሚክ ግን አንዱ ክፍል ብዙ ምስል አለው። አንዱ ምስል 300 ኪሎባይት፣ ምስሉ 40 ቢሆን 12 ሜጋባይት በአንድ ቁጭታ ሄደ ማለት ነው። ይህንን ዋይፋይ ባለበት ወይም የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ሲኖራችሁ አንብቡት።

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው ከመነሣቱ በፊት ያዘጋጅ። በክሮም ገጹን ክፈቱ፣ ሥዕሉ እስከ ታች ሙሉ በሙሉ መጫኑን በጣት እየሳባችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ የማውረጃውን ቀስት ተጫኑ። ሰዎች የሚሳሳቱት እስከ ታች ሳይስቡ ሲያወርዱ ነው፤ ብዙ ገጾች ምስሉን የሚጭኑት ዓይናችሁ ሲደርስበት ብቻ ስለሆነ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ቢከፍቱት ግማሹ ባዶ ሣጥን ይሆናል።

አዲስ ሥራ መውጣቱን ለማወቅ በየቀኑ ገጹን መክፈት አያስፈልግም። ፊደር የሚባለውን ነፃ የአንድሮይድ መተግበሪያ ጭናችሁ የኮሚኩን አርኤስኤስ፣ ማለትም አዲስ ሥራ መውጣቱን የሚያሳውቀውን አድራሻ፣ ስጡት፤ አዲስ ሲወጣ እሱ ያመጣላችኋል። በዋይፋይ ብቻ እንዲሠራ ማድረግም ይቻላል። ከዚህ ሌላ ጥቅም አለው፦ የማኅበራዊ ሚዲያ ስልተ ቀመር የሠዓሊውን ሥራ ቢደብቅባችሁም አርኤስኤስ አይደብቅም።

ለትምህርት ቤት ክበብ አትሜ ማደል እችላለሁ?

መጀመሪያ ፈቃዱን እዩ። ፔፐር ኤንድ ካሮት ይቻላል፣ መሸጥም ጭምር። ኤክስኬሲዲ ለንግድ እስካልሆነ ድረስ ስሙንና ምንጩን ጠቅሶ ማባዛት ይቻላል፤ የፎቶኮፒ ወጪን ከተማሪ ሳትሰበስቡ ክበቡ ቢሸፍነው ከክርክር ነፃ ትሆናላችሁ። ሌሎቹ ያለ ሠዓሊው ፈቃድ አይታተሙም። «ኢንተርኔት ላይ በነፃ ስለተገኘ የማንም ነው» የሚለው አነጋገር በእኛም ሕግ አይሠራም፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል።

ባለ 8 ገጽ መጽሔት ከሁለት ኤ4 ወረቀት ይወጣል። ገጾቹ በ4 መካፈል አለባቸው። የመጀመሪያው ወረቀት በውጭ በኩል 8 እና 1፣ በውስጥ 2 እና 7 ይይዛል፤ ሁለተኛው በውጭ 6 እና 3፣ በውስጥ 4 እና 5። በአዶቤ ሪደር የማተሚያ መስኮት ላይ ቡክሌት የሚለውን ብትመርጡ ይህንን ራሱ ያስተካክላል። ማተሚያው ሁለቱንም ገጽ በራሱ የማያትም ከሆነ ቅድሚያ አንድ ቅጂ ብቻ ሞክሩ፤ ወረቀቱን ገልብጦ መልሶ ሲያስገቡ አቅጣጫው ከተሳተ ግማሹ ገጽ ተዘቅዝቆ ይወጣል። ሠላሳ ቅጂ ካተሙ በኋላ ይህን ማወቅ የወረቀት ኪሳራ ነው።

ከዳር ዳር ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር ባዶ ተዉ፤ የቢሮ ማተሚያ እስከ ጠርዝ አይደርስም። ባለ ቀለሙን ፔፐር ኤንድ ካሮት በቀጥታ ፎቶኮፒ ካደረጋችሁት ጥቁር ድፍን ይሆናል፤ መጀመሪያ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት፣ ብርሃኑን ከፍ አድርጉት፣ ከዚያ አትሙ። ስቴፕለሩ ደግሞ እስከ መታጠፊያው አይደርስም፤ ከኤ4 ጠርዝ እስከ መሃሉ 15 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ስቴፕለሩን ከፍታችሁ ወረቀቱን በካርቶን ላይ አስቀምጡና ውጉት፤ እግሩን በማንኪያ ጀርባ እጠፉት። ወይም በመርፌ ሦስት ቀዳዳ በስታችሁ በክር ስፉት፤ ከስቴፕል ይልቅ ይህ ይበረክታል።

ወደ አማርኛ ልተርጉም ብል ምን ይጠብቀኛል?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ደስ ይለናል። በፔፐር ኤንድ ካሮት ጀምሩ። ጽሑፉ ከሥዕሉ ተለይቶ በኤስቪጂ ፋይል ስለተቀመጠ፣ ኢንክስኬፕ በሚባለው ነፃ የሥዕል ፕሮግራም ከፍታችሁ እንግሊዝኛውን በአማርኛ መተካት ብቻ ነው። ኤስቪጂውን ለብቻው ወደ ሌላ ቦታ አትውሰዱት። ሥዕሉ በአጠገቡ ካለው ማኅደር ተጠቅሶ ነው የሚታየው፤ ሲለያዩ ንግግሩ የሚጻፍባቸው አረፋዎች ብቻ ቀርተው ሥዕሉ ይጠፋል። ሲያልቅ ፒኤንጂ ወደሚባለው የምስል ዓይነት አውጡ። ጄፔግ በፊደል ዙሪያ ብናኝ ስለሚጥል ለጽሑፍ አይመከርም።

የፊደል ዓይነቱ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይሁን። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ዩኒኮድ በሚባለው የጋራ የፊደል አቀማመጥ ስላልሆነ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይከፈታል። መጠኑ ላይ አትሳሱ። የእንግሊዝኛ ኮሚክ በትልልቅ ፊደላት ስለሚጻፍ በትንሹም ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱ በትንሽ ቅጥያ ላይ ነው፤ ቀ፣ ቁና ቂ ሲያንሱ አንድ ይመስላሉ። ስፋቱ 800 ፒክስል በሆነ ሥዕል ላይ የፊደሉ ቁመት ከ30 ፒክስል አይነስ፤ በስልክ ስክሪን ላይ ከ2 ሚሊሜትር ትንሽ በለጥ ይላል። በመስመርና በመስመር መካከል የፊደሉን መጠን 1.3 እጥፍ ያህል ስጡ።

የአማርኛ ቃል ረጅም ነው። «ስላላስታወሱልን» አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ሆኖ ወደ ታች ይደረደር ነበር። ስለዚህ ጠባብና ረጅም የሆነው አረፋ አይበቃውም፤ አረፋውን በጎን አስፉት። ቃሉን መሃሉ ላይ አትቁረጡት፤ አንባቢው ሁለት ቃል አድርጎ ያነበዋል።

ከባዱ ነገር ግን ከቴክኒኩ ውጭ ያለ ነው። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ «ዩ» ይላል። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ አለን። ከመጀመራችሁ በፊት ማን ለማን እንዴት እንደሚናገር በወረቀት ጻፉ። ፔፐር ካሮትን አንተ ትለዋለች። ያሳደጓትን አረጋውያን ጠንቋዮች፣ ታይምን፣ ካየንንና ከሚንን፣ እርስዎ ማለት አለባት፤ እነሱ አንቺ ይሏታል። በንዴት ጊዜ እርስዎ ወደ አንቺ ሲወርድ እንግሊዝኛው የሌለውን አንድ ሙሉ ጠብ በአንድ ፊደል ማሳየት ትችላላችሁ። በሌላ በኩል፣ ታሪኩ የአንድን ሰው ጾታ ለጊዜው ከደበቀ ግሳችን ያጋልጠዋል። «መጣ» ወይም «መጣች» ማለት ግድ ነው። ያኔ «መጥተዋል» በሚለው የአክብሮት አነጋገር ማምለጥ ይቻላል፤ ሴትም ወንድም ይሸፍናል።

መጨረሻ ገጽ ላይ የዴቪድ ሬቮይን ስም፣ የፈቃዱን ዓይነት፣ የተርጓሚውን ስምና ጽሑፉ መቀየሩን ጻፉ። ይህን ከረሳችሁ ፈቃዱ ራሱ አይሠራላችሁም።

የራሴን በወረቀት ሥዬ ልጭን። ምን ላድርግ?

160 ግራም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ውሃ የማይለቀው ጥቁር ስክሪብቶ ይበቃል። ተራ እስክሪብቶ መስመሩ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ሆኖ ስለሚቃኝ አይመረጥም። ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ ቀለሙም በጭረቱ ዳር ጢም ያወጣል። ወረቀቱን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ መጽሐፍ ጫኑበት፤ የምትሥሉትን ብቻ አውጡ። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ችግሩ ያንሳል።

በስካነር ከሆነ ለባለ ቀለም 300፣ ለጥቁር መስመር ብቻ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚቃኙ ነጥቦች ብዛት) ምረጡ። ኤ4 በ300 ሲቃኝ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። ስካነር ከሌለ በደመናማ ቀን ከመስኮት አጠገብ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ በስልክ አንሡት፤ ጠረጴዛ ላይ ካነሣችሁት የራሳችሁ ጥላ ይወድቅበታል። ከዚያ በኮምፒውተር ከሆነ በክሪታ፣ በስልክ ከሆነ በአይቢስ ፔይንት ነጩን ነጭ፣ ጥቁሩን ጥቁር አድርጉ። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ለዌብቱን ካንቫስ ስፋቱን 800 ፒክስል አድርጉና ከ1280 በማይበልጥ ቁመት ቆራርጡ። 6400 ፒክስል የሚረዝም ሥራ አምስት ቁራጭ ይሆናል። መቁረጫው በሁለት ሣጥኖች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ይለፍ፤ ፊት ወይም ጽሑፍ ላይ ካረፈ ሲጫን በመስመር የተሰነጠቀ ይመስላል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ ፎቶ ካላችሁት ረጅሙን ጎን አሳንሶ ይጨምቀዋል፣ ፊደሉም ይደበዝዛል።

ከመጀመራችሁ በፊት ስንቅ ይኑራችሁ። በሳምንት አንድ ገጽ ለማውጣት ካሰባችሁ ስምንት ገጽ አልቆ ሳይቀመጥ የመጀመሪያውን አትልቀቁ። ፈተና፣ ሕመም፣ የመብራት መጥፋት ይመጣል፤ ያኔ ከስንቁ ይወጣል። ስንቁ ወደ ሦስት ገጽ ሲወርድ አዲስ ታሪክ ማሰብ ትታችሁ መሙላት ላይ አተኩሩ።

ለሠዓሊው ገንዘብ መላክ ካልቻልኩስ?

ሥዕሉን ቆርጣችሁ ከመለጠፍ የገጹን አድራሻ አጋሩ። ፊርማውን የሚቆርጥ ሰው ካያችሁ የሠዓሊውን ስም በአስተያየት ጻፉ። ለሠዓሊው በአጭሩ የትኛው ክፍል እንደነካችሁ ጻፉ፤ ከደሴ የመጣ መልእክት ለብዙዎቹ ብርቅ ነው። የአገራችን ሠዓሊ ከሆነ ግን ሰበብ የለም፤ በቴሌብር የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ መላክ ይቻላል።

የምከታተለው ኮሚክ ከድረ ገጽ ጠፋ። ምን ሆነ?

ብዙ ጊዜ መጽሐፍ ሆኖ ስለወጣ ነው። የኤን ዲ ስቲቨንሰን ኒሞና እ.ኤ.አ. በ2012 በድር ጀምሮ በ2015 መጽሐፍ ሲሆን አብዛኛው ከገጹ ተነሥቷል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሠዓሊው የድረ ገጹን ስም የዓመት ክፍያ ሳያድስ ይቀራል። ስለዚህ ፈቃዱ የሚያስወርዳችሁን ኮሚክ በሚሞሪ ካርድ አስቀምጡ፤ ማኅደሩን በክፍል ቁጥር ሰይሙት፣ ቁጥሩንም 01፣ 02 ብላችሁ ጀምሩ። 1፣ 2 ካላችሁ ብዙ መሣሪያዎች 10ኛውን ክፍል ከ2ኛው በፊት ይደረድሩታል።